ከጋሼ ሜትር ቀጥሎ

የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ሦስት ማሽኖች ነበሩት፤ ታካሚዎቹ ደግሞ ዘጠኝ ናቸው። አንድ ሰው ማሽኑ ላይ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ሦስቱ ጠዋት፣ ሦስቱ ቀትር ላይ፣ ሦስቱ ወደ ማታ ይገባሉ። የጠዋቱን ሁሉም ይፈልገዋል፤ የማታውን ማንም አይፈልገውም። ደሙ ያልታጠበ ሰው ቀኑን ሙሉ ተራ ሲጠብቅ ትንፋሹ ይከብዳል፣ እግሩ ያብጣል፣ ጠባዩም ይበላሻል። በዚህ የተነሳ በፊት በፊት በሩ ላይ ጠብ አይጠፋም ነበር።

ጠቡን ያስቀሩት ጋሼ ሜትር ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው የመለኪያ ሜትራቸውን ማሽን ላይ ተኝተው እንኳ ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ነው። አንድ ቀን ከሱቃቸው ዘጠኝ ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች ይዘው መጡ። በየአንዳንዱ ላይ ቁጥር ጽፈውበት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቁጥር። ከዚያ ወዲህ በእጥበት ቀን ጠዋት ሁሉም ይሰበሰባል፤ ሲስተሯ ቁልፎቹን በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አናውጣ አንድ በአንድ ታወጣለች፣ ቅደም ተከተላቸውንም ነጩ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ሥራ ሲያልቅ ሰሌዳው ይጠረጋል። መጨረሻ የወጣ ሰው የሚያማርረው ዕጣውን እንጂ ጎረቤቱን አልነበረም።

በዚያ ዓመት ሦስት ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሰው መሞቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እነዚህ ግን ተቀራርበው ሄዱ። መጀመሪያ ዘበኛው፣ ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ከዚያም ጢሙ ገና ያላበቀለ ተማሪ። በየቦታቸው ተራ ሲጠብቁ የነበሩ ሌሎች ተተኩ፤ ቁጥራቸውንም ወረሱ።

ነገሩን የጀመሩት እትዬ መዝገብ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት ውስጥ የምስክር ቃል በታይፕ ሲመቱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ማን ምን እንዳለ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ የዛሬ ዓመት ማን ምን ዓይነት ሹራብ እንደለበሰ ሳይቀር ያስታውሳሉ። ሲስተሯ ከረጢቱን እያናወጠች ሳለ እንዲህ አሉ፦

«ዘበኛው ከማን ቀጥሎ ነበር የወጣው?»

«ኧረ እትዬ፣ ነፍስ ይማር ይበሉና ይተዉት» አለ ሾፌሩ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከታመመ ወዲህ የሚነዳው ቀልድ ብቻ ነው።

«ከሜትር ቀጥሎ። ጋጋሪዋስ? ከሜትር ቀጥሎ። ልጁም ከሜትር ቀጥሎ ነበር።»

«ጋሼ፣ ካፖርቱን ትተው ከፈን መስፋት ጀመሩ እንዴ?» አለና ሾፌሩ ብቻውን ሳቀ። ሲስተሯ ከረጢቱን ማናወጥ አቆመች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሾፌሩ ግን ወዲያው ታወቀው፣ ጉሮሮውንም ጠረገ።

ጋሼ ሜትር የሜትራቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ቆዩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በቀጠሉት ሳምንታት ክፍሉ ውስጥ የሚባለውን ከሁሉም በኋላ የሰሙት እሳቸው ናቸው። የሰሙትም በዕጣ ጠዋት ነው። የእሳቸው ቁጥር፣ አምስት፣ ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። ቀጥሎ ሦስት ወጣ። ሦስት በጋጋሪዋ ቦታ የተተካችው አዲሷ ሴት ነበረች። ተነስታ ሲስተሯ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች።

«የኔን መልሰሽ አውጪልኝ።»

«ዕጣ አይመለስም፣ እታለም።»

«ልጆች አሉኝ፣ ሲስተር። እባክሽ።»

ሹክሹክታ ነበር፤ ክፍሉ ግን ጠባብ ነው። ጋሼ ሜትር ካፖርታቸውን ከመስቀያው አንስተው ለበሱ፤ ከላይ እስከ ታች ቆለፉት።

«የሷን ተይውና የኔን መልሺው» አሉ። «እኔ ዛሬ አልገባም።» ሲስተሯ እስከ መንገዱ ድረስ ብትከተላቸውም አልተመለሱም። በሚቀጥለውም የእጥበት ቀን ቀሩ። ሲስተሯ ያኔ ወደ ልጃቸው ደወለች።

ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮባቢሊቲ፣ ማለትም የዕድል ስሌት፣ ታስተምራለች። ሱቁ ስትደርስ አባቷ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጠዋል፤ ግማሹ የተሰፋ እጅጌ ከመርፌው ሥር ተይዟል። ጫማቸውን አውልቀዋል። ያበጠው እግራቸው የመኪናውን ፔዳል ሞልቶት ነበር፤ መርገጥ ግን አልቻለም።

«አባዬ፣ ተነስ እንሂድ።»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«እግርህን ተመልከተው!»

«አይቼዋለሁ። ጠዋትም ለክቼዋለሁ።» እጅጌውን ከመርፌው ሥር አላቀቁት። «የምታስተምሪው ይሄንኑ አይደል? ዘጠኝ ሰው በዕጣ ሲሰለፍ፣ የሚሞቱት ሦስቱም ከአንድ ሰው ቀጥሎ የሚሆኑት በስንት አንዴ ነው?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «አንድ ሰው ካንተ ቀጥሎ የሚወጣው ከዘጠኝ አንዴ ነው። ሦስቱም ሲሆኑ ከሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ አንዴ።»

«አየሽ።»

«አላየሁም። ጥያቄው ተበላሽቷል። ከመሞታቸው በፊት አንተን የጠረጠረ ሰው ነበር? አልነበረም። ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው ጥፋተኛ የተፈለገው። ከቀሩት አንዱ፣ ማንም ይሁን፣ የሦስቱም ቀዳሚ ሆኖ የሚገኝበትን ከቆጠርክ ከመቶ አንዴ ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የወጣውን፣ በአንድ ዙር የገባውን፣ በአንድ ሰው ተዘልሎ የወጣውን ብትጨምር ደግሞ እንግዳነቱ ይጠፋል። ሰው ከተደረደረ አንድ ዓይነት ነገር ሁልጊዜ ይታያል።»

«እነሱ ግን ያዩት ቀጥሎ የወጣውን ነው።»

«ጋጋሪዋ በመጨረሻ ቀኗ ካንተ ቀጥላ ነበር?»

ጋሼ ሜትር አሰቡ። አሳባቸው በግንባራቸው ላይ ሲሄድ ይታይ ነበር። «በመጨረሻ ቀኗ… አይ። ያን ቀን እሷ ጠዋት ገባች፣ እኔ ማታ። ከኔ ቀጥላ የወጣችው ከዚያ በፊት በነበረው ዕጣ ነው።»

«እትዬ መዝገብ ይህን አላነሱም።»

«የሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ምን ለውጥ አለው?»

«ለሟች አንድ ዕጣ ብቻ መቁጠርና ሁለት መቁጠር እኩል አይደለም። መረቡን ባሰፉት ቁጥር የሚያዘው ይበዛል። ሲያሰፉት ደግሞ አያውቁትም። የሚያስታውሱት እንደዚያ ነው።»

አባቷ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ የኔ ከሆነ እኔ ስቀር ይቀራል። ስምንት ሰው ይተርፋል። የማንም ካልሆነ ግን ምን ይደረጋል?»

እስከዚያች ቅጽበት አባቷ ፈርተው የቀሩ መስሏት ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ስሌት አንድ ነገር በአጋጣሚ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል እንጂ በአጋጣሚ ለመሆኑ ምስክር አይሆንም፤ ይህን ለተማሪዎቿ በየዓመቱ ትነግራቸዋለች። ስለዚህ ሲስተሯን ጠየቀቻት። ማሽኖቹ በሁለት ሰው መካከል በምን ይታጠባሉ? ውሃው መቼ ይመረመራል? አባቷ ሌላ የሚተላለፍ በሽታ ተገኝቶባቸው ያውቃል? ሲስተሯ እጥበቱን እየሠራች አሳየቻት፣ ምርመራውንም ነገረቻት። እንከን አላገኘችም።

«አንድ ነገር ልጨምርልሽ» አለች ሲስተሯ። «ከአባትሽ ቀጥሎ የሚወጣ ሰው ከእሳቸው ማሽን ላይ አይተኛም። አንደኛ የወጣው አንደኛው ማሽን፣ ሁለተኛ የወጣው ሁለተኛው ላይ ነው የሚሄደው። አራተኛ የወጣው ወደ አንደኛው ይመለሳል። ቀጥሎ የወጣ ሰው የእሳቸውን ማሽን አይነካም።»

«ይህን ለታካሚዎቹ ነግረሻቸዋል?»

«ነግሬያለሁ። ‹ጥላውስ?› አሉኝ። ለጥላ የሚሆን መድኃኒት የለኝም።»

ልጅቱ በሚቀጥለው የዕጣ ጠዋት አባቷን ይዛ መጣች። ለመምጣት የተስማሙት ማሽኑን ላይነኩ፣ በሩ አጠገብ ሊቀመጡ ነው። ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ጠቦ ነበር፤ ሲስተሯ አይታቸው ከንፈሯን ነከሰች። ልጅቱ ከአባቷ የልብስ ንድፍ ወረቀት ዘጠኝ ካርዶች ቆርጣ ቁጥር ጽፋባቸው ነበር።

«ሌላ ክፍል ነው እንበል» አለች። «የማናውቃቸው ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ካርዱን በውዘን ሁለት ዕጣ እናወጣለን፤ ከዚያ አንድ ሟች በዕጣ እንመርጣለን። ሦስት ሟች እስኪሞላ እንቀጥላለን።»

«ከዚያስ?» አለ ሾፌሩ።

«ከዚያ ገዳዩን ፈልጉ።»

ሾፌሩ እጁን ዘረጋ። «ካርታ መበወዝ ለኔ ተዉት፤ እጄ ከመሪ ሌላ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው።»

በወዘ፣ ደረደረ፣ ልጅቱ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ሦስተኛው ሟች እንደተመረጠ እትዬ መዝገብ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። ብዙም አልቆዩም።

«ስድስት!» አሉ። «ሁለቱ ከስድስት ቀጥለው ነው የወጡት። ሦስተኛውም በፊተኛው ዕጣ ከስድስት ቀጥሎ ነበር።»

«ስድስት እኮ እኔ ነኝ!» አለ ሾፌሩ።

«እኔ ምን ላርግህ፣ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት።»

«በገዛ እጄ በውዤ በገዛ እጄ ታሰርኩ!» ሳቁ ክፍሉን ዞረው፤ አዲሷ ሴት እንኳ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ጋሼ ሜትር አልሳቁም፤ ሰሌዳውን ግን እያዩ ነበር።

በሁለተኛው ሦስት ቁጥር ተያዘች፦ ሦስቱም ሟቾች ከሷ ጋር በአንድ ዙር ገብተው ነበር። በሦስተኛው ምንም አልተገኘም። ልጅቱ እሱንም አልሸፈነችውም። «ሁልጊዜ አይገኝም» አለች። «ከሁለት አንዴ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ግን ባልተገኘ ጊዜ ማን ያወራዋል? የሚወራው የተገኘው ነው።»

«አንዴ ድገሙት» አሉ እትዬ መዝገብ። አሁን ነገሩ ይዟቸዋል።

ልጅቱ እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። የሚቀጥለውን ማንም እንደማያውቅ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ሾፌሩ በወዘ። ሦስተኛው ሟች ተመረጠ። እትዬ መዝገብ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ። ሟቾቹ ሁሉ አንድ ዙር የገቡት ከአምስት ጋር ነበር።

«አየሽ» አሉ ጋሼ ሜትር ከበሩ አጠገብ። «ካርዱም ያውቀኛል።»

«ሾፌሩንም አውቆታል፣ አባዬ። ሦስት ቁጥርንም። ካርድ ሰው አያውቅም።» ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ከፍ አለ።

«ገብቶኛል። ያልገባኝ እንዳይመስልሽ።» ተደግፈው ተነሱ። «ሲስተር፣ የኔን ቁልፍ ከከረጢቱ አውጪው። ሁልጊዜ መጨረሻ እገባለሁ። ከኔ ቀጥሎ ማንም አይኖርም።»

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ የማታውን? ይደክምዎታል።»

«ሰው ከኋላዬ ከሚሆን ይድከመኝ።»

ሲስተሯ ልጅቱን አየቻት። ልጅቱ ይህ ስህተት መሆኑን ታውቅ ነበር፤ አንድን ሰው ከዕጣ ማውጣት ሐሜቱን ማጽደቅ ነው። በዚያው ዓይኗ የአባቷን እግር አየች። ጫማቸው ማሰሪያው ተፈትቶ እንኳ አልገባ ብሏቸው፣ ተረከዙን ረግጠው ነበር የመጡት።

«ይሁን» አለች። «ዛሬ ግን አሁኑኑ ግባ።»

ገቡ። ሾፌሩ በዚያ ቀን በዕጣ የደረሰውን የጠዋት ተራ ለቀቀላቸው።

ከዚያ በኋላ ከረጢቱ ውስጥ ስምንት ቁልፎች ቀሩ። ጋሼ ሜትር ጠዋት እንደ ሌሎቹ ይመጣሉ፣ ዕጣው ሲወጣ ያያሉ፣ ወደ ሱቃቸው ይመለሳሉ፣ ወደ ማታ መጥተው ይተኛሉ። እብጠቱ ጎደለ፤ ድካሙ ግን አልለቀቃቸውም። ጠዋት ላይ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ክር መርፌው ውስጥ የሚያስገባላቸው ጎረቤት ይጠሩ ጀመር። ክፍሉ ጸጥ አለ። አዲሷ ሴት ሰላምታ ትሰጣቸዋለች፤ ሾፌሩም «የመጨረሻው ዳኛ መጡ» እያለ መንገድ ይለቅላቸዋል።

የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ሾፌሩ ሞተ። በእረፍት ቀን፣ በቤቱ፣ ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ነው። ወሬውን ሲስተሯ በዕጣ ጠዋት ነገረቻቸው። ከረጢቱን ይዛ ቆመች፤ አላናወጠችውም። ልጅቱም በዚያ ጠዋት አባቷን ልታደርስ መጥታ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው አዲሷ ሴት ናት። «ከማን ቀጥሎ ነበር?» አለች፤ ካለች በኋላ ደነገጠች።

ሰሌዳው ባዶ ነበር። ሁሉም ወደ እትዬ መዝገብ ዞረ፤ እንዲህ ያለውን የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ግን ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ታይፕ እንደሚመታ ሰው፣ ደርድረው ቆዩ።

«ከኔ ቀጥሎ» አሉ። «ጠዋት፣ ሁለተኛ እኔ፣ ሦስተኛ እሱ።» ተንፈስ አሉ። «ተማሪውም በመጨረሻ ዕጣው ከሜትር ቀጥሎ ይሁን እንጂ በፊተኛው ከኔ ቀጥሎ ነበር። ያኔ አልተናገርኩትም። ዘበኛውም አንድ ጊዜ…» አልጨረሱትም። ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። በፍርድ ቤት ዘመናቸው የብዙ ሰው ቃል ጽፈዋል፤ በራሳቸው ላይ ሲመሰክሩ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሲስተሯ ልትከተላቸው ስትል ጋሼ ሜትር እጃቸውን አነሱ። «ተይ፣ እኔ ልሂድ። መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እትዬ መዝገብ ቦርሳቸውን አቅፈው ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ሜትር አጠገባቸው ተቀመጡ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ከኔ ኋላ ማንም የለም» አሉ ጋሼ ሜትር። «ይሄን ሁሉ ጊዜ መጨረሻ ነበርኩ። ሾፌሩ ግን ሞተ።»

«ከኔ ቀጥሎ ስለሆነ ነዋ!»

«አይደለም። ስሚኝ። አንድ ሰው ካንቺ ቀጥሎ የሚወጣው ከዘጠኝ አንዴ ነው። ሦስት ሰው ሲሆን ሦስት ጊዜ ዘጠኝ፣ ከሃያ ሰባት አንዴ። ይሄ ብርቅ ነው? አይደለም። ደግሞ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የሁላችንም ይቆጠራል።»

ሃያ ሰባት አልነበረም። ልጅቱ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ገጠመችው።

«ታዲያ የማን ጥፋት ነው?» አሉ እትዬ መዝገብ።

«የማንም አይደለም።»

«የማንም?»

«አዎ። ይከብዳል። እኔ የኔ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ብቀር የሚድን ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። ይኸው፣ ቀርቼ ማንን አዳንኩ?» ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ። «ያ የተረገመ ቀልደኛ። ከፈን መስፋት ጀመሩ ያለኝ ዕለት ቂም ይዤበት ነበር።»

እትዬ መዝገብ አለቀሱ። የሚያለቅሱት ለሾፌሩ ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ለእሱ ያለቀሰ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት እስካሁን ሲቆጥሩ ነበርና። ጋሼ ሜትር እስኪወጣላቸው ጠበቁ። ከዚያ ክንዳቸውን ሰጧቸው፣ ሁለቱም ሲነሱ አግዳሚው ተንቋቋ።

«ሲስተር» አሉ ጋሼ ሜትር ከበሩ ሲገቡ፣ «ቁልፌን ወደ ከረጢቱ መልሺው።»

ሲስተሯ ከኪሷ አወጣችው። የሾፌሩን ስድስት ቁጥር ለይታ አስቀመጠች፤ ገና ሰው አልተተካበትም። ከረጢቱን አናወጠች። ሰባት ወጣ። ቀጥሎ አንድ፣ እትዬ መዝገብ። ጋሼ ሜትር ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ የሚመጣው የእሳቸው ቁጥር እንዲሆን መፈለጋቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ሦስት ወጣ።

አዲሷ ሴት ሰሌዳውን አየች። ሲስተሯን አየች። ሴትየዋ ሹራቧን አውልቃ ወንበር ላይ አጠፈችው፣ ወደ ሦስተኛው ማሽን ሄደች፣ ከእትዬ መዝገብ ጎን ተቀመጠች፣ እጅጌዋንም ሰበሰበች።

ዕጣው ቀጠለ። በአምስተኛው ላይ የጋሼ ሜትር ቁጥር ወጣ። ሲስተሯ ጻፈችውና፣ እጇን ለሚቀጥለው ወደ ከረጢቱ አስገባች።